ያስከፈለን ምርጫው ሳይሆን ሳይጠይቁ መደገሱ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሠርግ ወጪ የወጣውን ጽሑፍ በምሳ እረፍቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ቁርጥ ያለ ምክር ነው የሰጡት። አቅሙ ውስን የሆነ ደጋሽ ለእንግዳ ምግብ ላስመርጥ ማለት የለበትም፤ አንድ ዓይነት ሠርቶ ያቅርብ ይላሉ። ጋዜጣውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ቤት ገብቼ ደገምኩት። ግማሹን እስማማለሁ። ሌላውን ግማሽ ግን ዝም ብዬ ባልፈው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሥራዬ የመጋዘን ሒሳብ መያዝ ነው። ቀኑን ሙሉ የማስበው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ዕቃ እንዳያልቅ፣ ዕቃ እንዳይተርፍ። ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ሲል የምግቡን ጉዳይ ሙሉ ለሙሉ እኔ ላይ ጣለው። «እትዬ፣ ቁጥር የምትወጂው አንቺ ነሽ» አለኝና ተገላገለ። በእጁ ያለው ገንዘብ 150 ሰው አንድ አንድ ሳህን ደህና ምግብ ያበላል። ከዚያ አያልፍም። እጮኛው ደግሞ ሥጋ አትበላም። እንግዲህ አንድ ዓይነት የሚባለው ነገር ገና ከበሩ ላይ ተሰናከለ። ሙሽራዋ በገዛ ሠርጓ ሰላጣ ስታማስል ትዋል?

መጀመሪያ ያነጋገርነው ምግብ አቅራቢ ሦስት ዓይነት ዋና ምግብ አሳየን፤ ዶሮ፣ ዓሣና አትክልት። እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ አስተናጋጅ እየዞረ ይጠይቀዋል። ሲሰሙት ደስ ይላል። «ከእያንዳንዱ ስንት ሳህን ታዘጋጃላችሁ?» አልኩት። «ሰባ ሰባ» አለኝ። ወረቀት አላስፈለገኝም። 210 ሳህን ለ150 ሰው። ስድሳው ለማን ነው?

ሰውየው ሊያታልለን አልነበረም። ማን ምን እንደሚመርጥ ካላወቀ ከሁሉም በደንብ መሥራት አለበት። ዶሮው አሥረኛው ጠረጴዛ ላይ ቢያልቅ የሚወቀሰው እሱ ነው። ስለዚህ የማያውቀውን ነገር በትርፍ ሳህን ይሸፍነዋል፣ እኛ ደግሞ እንከፍላለን። እኛ መጋዘን ውስጥ መጠባበቂያ የምንለው ነገር ነው። የሚፈለገውን ባላወቅን ቁጥር መጠባበቂያው ይወፍራል።

ጸሐፊው «አንድ ዓይነት ይበቃል» ያሉት ይህን ፈርተው ከሆነ ስጋታቸው ልክ ነው። መፍትሔው ላይ ነው የማልስማማው። አንድ ዓይነት ምግብም እኮ ይባክናል። ከዓመታት በፊት የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ላይ ስምንት ሆነን አንድ ጠረጴዛ ከበብን። የቀረበው ሥጋ በኦቾሎኒ ስጎ ነው። አንዷ ሥጋ አትበላም። አንዱ ኦቾሎኒ ከነካ ጉሮሮው ያብጣል። ሁለቱ ዳቦ እየቆረሱ ሙሽሮቹን ሲያዩ አመሹ። ሁለቱ ሳህኖች ሳይነኩ ወጡ። ተከፍሎባቸዋል እኮ! ከስምንት ሁለት ማለት ሩቡ ነው። ሁሉም ጠረጴዛ እንደዚያ ነበር አልልም። የእኛ ግን ነበር።

ወንድሜ «ለምን ቡፌ አናደርገውም? ሁሉም የወደደውን ያንሳ» አለ። እኔም መጀመሪያ ልቤ ወደዚያው ነበር። ቡፌ ግን ለጠባብ በጀት ቀላል አይደለም። ቀድሞ የደረሰ ሰው ሳህኑን ተራራ ያደርጋል። የኋለኛው ምን እንደሚቀርለት አይታወቅም፣ ስለዚህ አሁንም አትርፎ መሥራት ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሥጋ የሚበላው ሰው አትክልቱንም ጨልፎ ያልፋል፣ እንደ ማጣፈጫ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለችው ሥጋ የማትበላ እንግዳ ስትደርስ የአትክልቱ ትሪ ባዶ ነው፣ ሥጋው ግን ሞልቷል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቡፌ የግድ ከሆነ ከትሪው ጀርባ የሚያወጣ ሰው ይቁም፣ የአትክልቱም ትሪ ለብቻው ይሁን።

እኛ በመጨረሻ ያደረግነው ቀላል ነው። ዓሣውን ሰረዝን። ሁለት ምግብ ቀረ። ከሠርጉ አምስት ሳምንት በፊት ለእያንዳንዱ ተጋባዥ በስልክ መልእክት ላክን። መልእክቱን ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት፤ የመጨረሻው ይህ ነው፤ «ዶሮ ከሆነ 1፣ አትክልት ከሆነ 2 ብለው ይመልሱልን። በጤና ወይም በእምነት ምክንያት ፈጽሞ የማይበሉት ነገር ካለም ይጻፉልን።» ቀነ ገደብም አስቀመጥን፤ ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት።

ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አይደሉም። «ምን ይወዳሉ?» አክብሮት ነው። «ምን አይችሉም?» ግን ግዴታ ነው። ብር ቢያጥር የመጀመሪያውን መተው ይቻላል፣ ሁለተኛውን በጭራሽ።

ምላሹ መጣ። 112 ሰው በጊዜው መለሰ። 69 ዶሮ፣ 43 አትክልት። አንዱ «1 እና 2» ብሎ ላከ፤ ደውዬ ሳቅንና 1 አስባልኩት። አንዲት አክስታችን «ሙሽሮቹ የበሉትን» ብላ ጻፈች። ሙሽራዋ አትክልት፣ ሙሽራው ዶሮ ነው የሚበሉት! አክስቴን ካልመለሱት ጋር ደመርኳት። 38 ሰው እንደዚያ ቀረ። ለእነሱ ግምት አላወጣሁም፤ የመለሱትን ሰዎች ድርሻ ነው የሰጠኋቸው። ከመለሱት 62 በመቶ ገደማ ዶሮ ስላለ ከ38ቱ 23 ዶሮ፣ 15 አትክልት አልኩ። በድምሩ 92 ዶሮ፣ 58 አትክልት።

መጠባበቂያ ስምንት ሳህን ጨመርኩ። ስምንቱም አትክልት። ምግብ አቅራቢው ግራ ገባው። «ሰው የሚጨምረው ዶሮ አይደል?» አለ። አይደለም። ዶሮ የሚበላ ሰው ቸግሮት አትክልት ሊበላ ይችላል። አትክልት ብቻ የሚበላ ሰው ግን ዶሮ አይበላም። መጠባበቂያ የሚሆነው ሁሉም አፍ የሚቀበለው ምግብ ነው። ለነገሩ በዋጋም የሚቀለው እሱ ነው።

ሁሉም አፍ የሚቀበለው እንዲሆን ግን ትንሽ ተሟገትን። ከመለሱት ውስጥ አራት ሰዎች የማይችሉትን ጽፈው ነበር። ሁለቱ ኦቾሎኒ፣ አንዷ ወተት፣ አንዱ ሰሊጥ። ዋናዋ አብሳይ ሰሊጥ የሚለውን ስታይ ሳቀች። «በሰሊጥ የሚታመም ሰው አለ እንዴ የኔ እህት?» አለችኝ። አለ። አሜሪካ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰሊጥን ዘጠነኛው ዋና የአለርጂ መንስኤ አድርጋ በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ በሕግ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት ዝርዝርማ 14 ነው፣ ሰሊጥም አለበት። ይህን ስነግራት መሳቋን አቆመች። ከዚያ በኋላ ከእኔ ብሳ ተገኘች። ለአትክልቱ ድስት የራሱን ማማሰያ ለየች፣ ዘይቱንም ለየች፣ ቅቤውንና ሰሊጡን አስወጣች። በሽተኛ ለማድረግ አንድ የተነካካ ማንኪያ ይበቃል ብላ ረዳቶቿን ስትቆጣ ሰማኋት።

ሁለት ምግብ ሲባል ሁለት ድግስ የሚመስላቸው አሉ። ሥሩ አንድ ነው። ሩዙ አንድ፣ ከጎን የሚቀርበው ካሮትና ፎሶሊያ አንድ፣ ሰላጣው አንድ። የሚለየው ከላይ የሚደረገው ብቻ ነው። ሩዝ ሲበስል ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ዶሮ ግን እሳት ሲነካው ይቀንሳል። ስለዚህ ሳህን የሚሞላውን ነገር አብዝተን ገዛን፣ ውዱን ቆጥበን። አብሳይዋ ዶሮውን ከመጥበስ ይልቅ በስጎ ቀቀለችው። የተጠበሰ ሲጠብቅ ይደርቃል። በስጎ ያለ ግን ንግግር ቢረዝምም ይታገሳል። እሳቱ ላይ ሙቀቱን እስከጠበቀ ድረስ ማለቴ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቆይ፣ የበሰለ ምግብ ደግሞ ክፍል ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ። የሠርግ ንግግር ሁለት ሰዓት ሲሞላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

በየጠረጴዛው ሁለት ሳህን ማባያ አስቀመጥን፤ የሚያቃጥልና የማያቃጥል። ከወጪው ሁሉ ትንሹ እሱ ነው። ብዙ ሰው ያመሰገነን ግን በእሱ ነው።

ስለ ምርጫ ብዛት ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት የታወቀ ጥናት አለ። ሱቅ ውስጥ 24 ዓይነት ማርማላታ ለቅምሻ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ጋ ከቆሙ ሰዎች 3 በመቶው ብቻ ገዙ፣ 6 ዓይነት ከተደረደረበት ጋ ከቆሙት ግን 30 በመቶ። ዓይን አዋጅ ሲሆንበት ሰው መምረጥ ያቅተዋል ለማለት ሁሉም ይጠቅሰዋል። አሥር ዓመት ቆይቶ ግን 50 የሚሆኑ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲታዩ ውጤቱ በአማካይ ከዜሮ ብዙም አልራቀም። እኔ ሦስተኛውን ምግብ የሰረዝኩት ለሰው ጭንቅላት አዝኜ አይደለም። ሦስተኛ ድስት ሦስተኛ መጠባበቂያ ይፈልጋል፣ ለዚህ ነው።

ዕለቱ ደረሰ። ማን ምን እንደመረጠ አስተናጋጆቹ እንዲያውቁ የስም ካርዶቹ ጥግ ላይ ክብ ስቲከር ለጥፌ ነበር። ብርቱካናማው ዶሮ፣ አረንጓዴው አትክልት። ለሊቱን ሙሉ ነው የለጠፍኩት። እንግዳ ሲገባ የአጎቴ ልጅ፣ አራት ዓመቱ ነው፣ ሁለት ጠረጴዛ ዞሮ ስቲከሩን ሁሉ ልጦታል። ሳገኘው አሥሩም ጥፍሩ ላይ ለጥፎ እያስጎበኘ ነበር። ልቆጣው ብዬ ጥፍሮቹን ሳይ ሳቄ መጣ። ደግነቱ ዝርዝሩ በወረቀትም ኪሴ ውስጥ ነበር። የሁለቱን ጠረጴዛ ሰው እየዞርኩ በጆሮው ጠየቅሁ። ስቲከር የምትለጥፉ ዝርዝሩን ሁለት ቦታ ያዙ።

አጎቴ ደግሞ አለ። በመልእክት 2 ብሎ መልሶ ነበር። የጎረቤቱ ዶሮ ሲመጣ አየው፣ ሸተተው። «ልጄ፣ እኔም እኮ ዶሮ ነበር ያልኩት» አለኝ በሹክሹክታ። አጎቴን አልከራከርም። ያልመጣ ሰው ዶሮ ነበረ፣ እሱን ሰጠሁት።

ሒሳቡ እንዲህ ተዘጋ። የመጣው 146 ሰው ነው። ዶሮው 92ቱም ወጣ። ከአትክልቱ 66 ሳህን 54ቱ ወጣ። 12 ተረፈ ብዬ ልኮራ ስል የረሳኋቸው ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል፤ ፎቶ አንሺዎቹ፣ ሙዚቃ የሚያጫውቱት፣ መኪና የሚያሽከረክሩት። ዘጠኝ ናቸው። ዝርዝሬ ውስጥ አንዳቸውም አልነበሩም፣ ከጠዋት ጀምሮ ግን እኛን ሲያገለግሉ ነው የዋሉት። አፈርኩ። የሚደግስ ሰው እነሱን ከእንግዳ ቀጥሎ ይቁጠራቸው። መጠባበቂያው ነው ያዳነኝ።

ሦስት ሳህን ቀረ። ሙሽሮቹ ከወጡ በኋላ እናቴ፣ ዋናዋ አብሳይና እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመን በላናቸው። ጠዋት ከወጣን እህል ቀምሰን አናውቅም። «ዶሮ ነበር ያማረኝ» አለች እናቴ።

የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ የመጋዘን ሒሳብ ያዥ