ላልተቀየማችሁን ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ ይህችን ቀን ላሳየን አምላክ ምስጋና ይድረሰው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለችው ቤታችን ዕዳዋ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2014 መገባደጃ ላይ ስንገዛት የፈረምነው የ30 ዓመት ሞርጌጅ፣ ማለትም የቤት ብድር፣ ነበር። በ11ኛው ዓመት ዘጋነው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ስለደረሳችሁ ስልካችን ሰሞኑን አላረፈም። እንኳን ደስ ያላችሁ ላላችሁን በሙሉ፣ እንኳን አብሮ ደስ አለን።

"ምን ሠርታችሁ ነው?" የምትሉም በዝታችኋል። ሎተሪ የደረሰን የመሰላችሁ አላችሁ። አገር ቤት መሬት ሸጠው ነው የተባለውንም ሰምተን ስቀናል። ባለቤቴ ዛሬም ታክሲውን ይነዳል። እኔም እዚያው ነርሲንግ ሆም ሌሊት ነው የምገባው። ከማንም የተለየ ገቢ አልነበረንም። አንድ ደብተር ነበረን፤ ከደብተሩ በላይ ደግሞ እናንተ። ይህን የምጽፈው ከልጆቼ አባት ጋር ተመካክረን ነው። ለማመስገን የፈለግነውም በተለይ "ዘንድሮ አንችልም" ስንላችሁ ፊት ያልነሳችሁንን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተበደርነው 300 ሺህ ዶላር፣ ወለዱ 4 በመቶ። ታክስና ኢንሹራንስ ሳይቆጠር የወሩ ክፍያ 1,432 ዶላር። የመጀመሪያው ስቴትመንት፣ የወሩን ሒሳብ የሚያሳየው ወረቀት፣ ሲመጣ ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከከፈልነው ውስጥ 1,000ው ወለድ ነው። ከዕዳው ላይ የተቀነሰው 432 ዶላር ብቻ። "ታዲያ ይሄ ኪራይ እንጂ ምኑ የቤት ግዢ ነው?" አለ። እስከ 30 ዓመቱ ብንዘልቅ ወለዱ ብቻ ከ215 ሺህ ዶላር ያልፍ ነበር። ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም ብል አላጋነንኩም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያዋን ሰው ላመስግን። የዕቁባችን ጸሐፊ ናት፤ ባንክ ነው የምትሠራው። ከወሩ ክፍያ በላይ የጨመርነው ማንኛውም ገንዘብ በቀጥታ ዋናውን ብድር እንደሚቀንስ፣ ዋናው ሲቀንስ ደግሞ የሚቀጥለው ወር ወለድ እንደሚያንስ ወረቀት ላይ እየጻፈች አሳየችን። ብድራችንን የሚያስተዳድረው ድርጅት ግን የጨመርነውን ለሚቀጥለው ወር ቀድሞ እንደተከፈለ አድርጎ ይዞት ተገኘ። ዕዳው ንቅንቅ አላለም። እሷ ናት ከጎኔ ተቀምጣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ፣ ሰው እስኪያነሳ ጠብቃ፣ "ፕሪንሲፓል ኦንሊ"፣ ዋናው ብድር ላይ ብቻ ይግባ፣ ብላ እንዲያስተካክሉት ያደረገችው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እያጣራሁ ነው። እናንተም ተጨማሪ ስትከፍሉ ገንዘቡ የት እንደገባ ስቴትመንቱ ላይ ሳታዩ እንዳትተኙ።

ደብተሩን የጀመርነው ያኔ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ይፈላል፣ እሱ ደረሰኝ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። አስቤዛ፣ ነዳጅ፣ ልጆች፣ አገር ቤት፣ ዕድርና ዕቁብ፣ ልዩ ልዩ። ትልቋ ልጃችን ያኔ አማርኛ ፊደል እየቆጠረች ነበር። አንድ እሁድ ደብተሩን አገላብጣ "ማሚ፣ ይሄ ልዩ ልዩ የሚባለው ሰውዬ ማነው? ለምንድነው በየወሩ ብዙ ብር የሚወስደው?" አለችን። ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ልጅቷ እውነቷን ነበር። በሚቀጥለው ወር ያንን መስመር በዝርዝር መጻፍ ጀመርን። የጉድ አገር የተገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

እዚህ ዲሲና አካባቢው የምንኖር ሐበሾች ገንዘባችን የት እንደሚሄድ እናውቀዋለን፤ አንነጋገርበትም እንጂ። ስለ ቁጠባ የሚመክሩ ፈረንጆች ከውጭ የሚገዛውን ቡና ተዉ፣ ኬብሉን ቁረጡ ይላሉ። ቡና ድሮም ቤት ነው የምናፈላው። የእኛ ነገር ሌላ ነው። ሰመር ሲገባ በየሳምንቱ ጥሪ አለ። ሠርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ቤቢ ሻወር። የስጦታ ገንዘብ የሚታሸግበት ፖስታ አለ፣ ልብስ አለ፣ ሚዜነት ከመጣማ አለቀ። አንዱን ሰመር ደምረን ስናየው ለግብዣ ያወጣነው ከሁለት ወር ሞርጌጅ በልጦ ተገኘ። መቅረት ደግሞ በእኛ አገር ሰው ዘንድ ቀላል አይደለም። ሰው ምን ይለናል የሚለው ነገር እንቅልፍ ይነሳል። ከወለዱም ይልቅ እሱ ነበር የከበደን።

ስለዚህ ሁለታችን ተስማማን። ልቅሶ አይቀርም። የታመመ ይጠየቃል። ዕድር ይከፈላል። ለእናቶቻችን በየወሩ የሚላከው አይነካም። የሠርግ ፖስታ ግን ከቅርብ ዘመድ በቀር 50 ዶላር ነው፣ አዲስ ልብስ አይገዛም፣ ምርቃትና ክርስትና ላይ ደግሞ አንዳችን ብቻ እንሄዳለን። ይህን ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ነግሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ስልኩን ከማንሳቴ በፊት እጄ ያልበኝ ነበር።

እናንተ ግን ሃምሳ ዶላር ይዘን ስንመጣ እንደ አምስት መቶ ተቀበላችሁን። የልጇን ምርቃት አዳራሽ ተከራይታ የደገሰችው ወዳጄ መቼም አትረሳኝም። ስነግራት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ፖስታ ይዘሽ ብትመጪ በሩ ላይ ነው የምመልስሽ፤ እንጀራ ጋግረሽልኝ ነይ" አለችኝ። ጋራዥ ውስጥ ባለችው የኤሌክትሪክ ምጣዴ ቀኑን ሙሉ ስጋግር ዋልኩ። ጎረቤታችን ፈረንጅ ሽታው ስቦት መጣ፣ አንድ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ማታ አዳራሹ ውስጥ ወዳጄ ማይክራፎን ይዛ "የዛሬው እንጀራ የእህቴ ስጦታ ነው" ብላ አስጨበጨበችልኝ። እግዜር ያክብርሽ እህቴ። ብድር መላሽ ያድርገኝ።

ገብጋባ ሆኑ ያላችሁንም አልጠፋችሁም። ደርሶናል። ቂም የለንም፤ ከብዙዎቻችሁ ጋር በኋላ ቡና ጠጥተናል።

አዲስ አበባ ላለው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የምለው ያንሰኛል። ሲያገባ ለአራት ሰው የሰመር ቲኬት ከደለስ ኤርፖርት ስናጠያይቅ ዋጋው ራስ ያዞራል። ታላቅ ወንድም ሆኖ ብቻውን መሄድ ለባለቤቴ ሞት ነበር። ሙሽራው ራሱ ነው የደወለው። "አንተ ና፣ እነሱን በቪዲዮ አያቸዋለሁ። የሦስቱን ቲኬት ቤታችሁ ላይ ጣሉት" አለው። ገንዘቡን በዚያው ሳምንት ዋናው ብድር ላይ አሳረፍነው። ሠርጉን ከልጆቼ ጋር ሶፋ ላይ ሆነን በስልክ አየን፤ ኔትወርኩ ሲቋረጥ እያለቀስኩ፣ ሲመለስ እልል እያልኩ።

አሁን ወደ ዕቁቡ ልምጣ። ሃያ ሰው፣ በወር 500 ዶላር፣ ዕጣ የወጣለት 10 ሺህ ይወስዳል። ወለድ የለውም ብለው የሚያጣጥሉት አሉ። ልክ ናቸው፣ የለውም። ግን ባንክ ያስቀመጥኩትን ማታ ስልኬን ከፍቼ አወጣዋለሁ። ዕቁብ ካልከፈልኩ ዳኛው ይደውላል። ለእኔ ቢጤ ይሄኛው ይሻላል።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ዕጣው የወጣላት እህት መኪና ልትገዛበት አስባ ነበር። የእኛን ነገር ጸሐፊዋ ሹክ ብላታለች መሰለኝ። "መኪናዬ ዘንድሮንም ትከርማለች፣ እናንተ ውሰዱ፤ ተራችሁ ሲደርስ እወስዳለሁ" ብላ ለቀቀችልን። ያ 10 ሺህ ምን እንደሠራ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ቤቱን ስንገዛ ቅድመ ክፍያችን ከ20 በመቶ በታች ስለነበር በየወሩ 140 ዶላር ፒኤምአይ እንከፍል ነበር። እኛ ዕዳችንን ባንከፍል አበዳሪውን የሚጠብቅ ኢንሹራንስ ነው፤ ከፋዩ ግን እኛ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። ዕዳው ከቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ፣ ክፍያችሁን በወቅቱ ስትከፍሉ ከቆያችሁ፣ በጽሑፍ ጠይቃችሁ ማስነሳት ትችላላችሁ። ዝም ካላችሁ 78 በመቶ ላይ በራሱ ይነሳል፤ ግን ያ የሚቆጠረው በመጀመሪያው የክፍያ ሠንጠረዥ ነው። ቶሎ የከፈለ ሰው ካልጠየቀ ለዓመታት በከንቱ ይከፍላል ማለት ነው። የዚያች እህት ዕጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላን 80 በመቶው ላይ አደረሰን። ደብዳቤ ጻፍን፣ ተነሳ። 140ውም በየወሩ ዕዳው ላይ መጨመር ጀመረ።

ቤዝመንታችን ውስጥ የኖርሽው እህታችን፣ 800 ዶላር ኪራይሽ ከኮቪዱ ጊዜ በቀር አንድም ወር ለሌላ ነገር አልዋለም። እንዳለ ዋናው ብድር ላይ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ገብቶ ኤርፖርቱ ጭር ሲል የባለቤቴ ታክሲ ቆመ። አንቺ ግሮሰሪ ስለምትሠሪ ሥራሽ አልተቋረጠም ነበር። የሁለት ወር ኪራይ ቀድመሽ በር ሥር ያስገባሽልንን ፖስታ አልረሳነውም። ያኔ ተጨማሪውን ክፍያ አቆምን፤ መደበኛውን 1,432 ግን አላጓደልንም። ወለዱ ከ3 በመቶ በታች ወርዶ ሰው ሁሉ ሪፋይናንስ ሲያደርግ፣ ማለትም የድሮውን ብድር ወለዱ ባነሰ አዲስ ብድር ሲቀይር፣ እኛ ያንን ዕድል አልተጠቀምንም። ገቢው ለቆመበት ባለ ታክሲ ማን ያበድራል? ደግነቱ የ30 ዓመት ውል ስለነበረን ሲከፋ ወደ ዝቅተኛው ክፍያ መመለስ ቻልን። የ15 ዓመት ቢሆን ኖሮ የወሩ ክፍያ ስለሚበዛ ያቺን ዓመት አንሻገራትም ነበር።

ከእኛ ጋር ሲከራከር የኖረው ጋሼም ምስጋና ይገባዋል። "በ4 በመቶ ብድር ላይ ብር ከምታፈሱ ኢንዴክስ ፈንድ ግዙበት"፣ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ የሚይዘውን ማለቱ ነው፣ እያለ በየቡናው ይሞግተን ነበር። በሒሳቡ አልተሳሳተም፤ ስቶክ ገበያው በእነዚያ ዓመታት ከ4 በመቶ ብዙ በልጧል። ባለቤቴ ግን ዕዳ ያለበት ቤት ውስጥ ልቡ አይተኛም፤ ይሄንን በፐርሰንት ማስላት አይቻልም። በግማሹ ግን ሰምተነዋል። አሠሪዬ የሚጨምርልኝን ያህል 401ኬ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ማስገባቴን አንድም ወር አላቋረጥኩም። ለክፉ ቀን የሦስት ወር ወጪም ሳንነካ አስቀመጥን። ኮቪድ ሲመጣ ያወጣን ያ ነው። ጋሼ፣ ተሸንፈሃል ማለት አይደለም።

ልጆቼ፣ ለእናንተ በቃል ነግሬያችኋለሁ። ጫማው ይገዛል።

ተከትላችሁን ለምትመጡ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ስትዘጉ ኦንላይን የምታዩት ቀሪ ሒሳብ የመጨረሻው አይደለም። ወለድ በየቀኑ ስለሚቆጠር የምትከፍሉበትን ቀን ጠቅሳችሁ ፔይኦፍ የሚባለውን፣ ዕዳው የሚዘጋበትን ትክክለኛ ሒሳብ የሚያሳየውን ደብዳቤ ጠይቁ። ኤስክሮው፣ ማለትም ለቤት ታክስና ኢንሹራንስ ከእናንተ ተቀብለው የሚይዙበት ሒሳብ፣ ውስጥ የተረፈው ገንዘብ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል። ዕዳው ማለቁን የሚያሳየው ሰነድ መመዝገቡን አጣሩ፤ እኛ ሮክቪል ፍርድ ቤት ባለው የመሬት መዝገብ ነው ያየነው። ከዚያ በኋላ የቤት ታክሱና ኢንሹራንሱ በእናንተ እጅ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የታክሱን ቢል ጁላይ ላይ ይልካል፤ ግማሹ እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ግማሹ እስከ ዲሴምበር 31 ይከፈላል። አዲስ ደብተር ጀምረናል፤ የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው።

ደምረን ስናየው የቀረልን ወለድ ከ130 ሺህ ዶላር ይበልጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ቡና አለ፤ ዶሮም አለ፣ ፖስታ ይዞ መምጣት ክልክል ነው። ከእንግዲህ ጥሪ ስትጽፉ የአራታችንንም ስም ጻፉ። ዕቁቡን በተመለከተ ለዳኛው ነግረነዋል፤ በሚቀጥለው ዙር አለን። ቀድሞ ቢደርሰን፣ ከመካከላችሁ ቤት ገዝቶ ፒኤምአይ የሚከፍል ካለ ከወዲሁ ለጸሐፊዋ ይንገራት። እንለቅለታለን።

አክባሪዎቻችሁ፣
የሲልቨር ስፕሪንጎቹ ባልና ሚስት ከነልጆቻችን