የፎገራ ቤት ከጎተራው ይማር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በየክረምቱ ስለ ጣና ዙሪያ ጎርፍ የምታወጡትን ዜና አነባለሁ። የተፈናቃዩ ቁጥር፣ የተከፋፈለው ድንኳንና ብርድ ልብስ ይዘረዘራል። ውሃው ሲሸሽ ቤቱ እንዴት ተመልሶ እንደሚሠራ የጠየቀ ግን አላየሁም። በፎገራ ከሃያ ዓመት በላይ በግንበኝነት ኖሬያለሁና ይህ ያንገበግበኛል።

የእኛ ጎርፍ እንደ ድሬዳዋው ደቻቱ አይደለም። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ እዚያ ከወንዙ መራቅ እንጂ ሌላ መላ የለም። የእኛ ወንዞች ርብና ጉማራ ሲሞሉ ግን ውሃው ሜዳው ላይ ተኝቶ ይሰነብታል። ከጉልበት በታች ያለው ምርጊት ይሟሟል፣ መደቡ ይናዳል፣ የተቀበረው የባሕር ዛፍ ቋሚ ከሥሩ ይበሰብሳል። አንድ ክረምት ጎረቤቴ ልጆቿን ቆጥ ላይ አስተኝታ ስታድር፣ በዚያው ግቢ ጎተራው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ሩዙ ጠብታ ውሃ አልነካውም ነበር። እህላችንን ከመሬት አንስተን እኛ መሬት ላይ እንተኛለን!

ቤቱንም ማንሳት ይቻላል። ጥቁሩ መረሬ አፈር ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እሱን ዝቆ ድንጋይ መሙላት፣ ወለሉንም ጎርፉ ግድግዳ ላይ ከተወው ምልክት በላይ ማድረስ ያስፈልጋል። ቋሚው አፈር ውስጥ ከሚቀበር ይልቅ ድንጋይ ላይ ይቁም። የታችኛው ግድግዳ ደግሞ ኖራ በገባበት ጭቃ ይመረግ። ኖራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንፍራዝ አጠገብ የተሠራው የጉዛራ ግንብ ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው። በፓኪስታንም አርክቴክቷ ያስሚን ላሪ እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ ጎርፍ በኋላ ተጎጂዎች ራሳቸው በቀርከሃ፣ በጭቃና በኖራ ቤት እንዲሠሩ አስተምራለች።

ገበሬው እንጨትና ጉልበት አለው። የሚያቅተው ድንጋዩ፣ ኖራውና የመኪናው ኪራይ ነው። እርዳታው ግን የሚደርሰው በነሐሴ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና በማይገባበት ጊዜ ነው፤ ድንኳኑም ዓመት ሳይሞላው ይቀደዳል። የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ድንጋዩንና ኖራውን በጥር፣ ሜዳው ደርቆ ሳለ አድርሱልን። ቀሪውን በደቦ እንጨርሰዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ግንበኛ፣ ከወረታ