ወይራው ሳይደርቅ ማሽኑ አይነሳ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጅማ በርጩማን ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ በማውጣት የታወቀች ናት። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) ገዝታችሁ የቢላ እጀታ ልትሠሩ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ ለአንድ እጀታ የቢላውን ብረት ከሁለት ጎን የሚያቅፍ፣ 13 በ4 ሳንቲሜትር የሆነ ሁለት ቁራጭ ይበቃችኋል፤ ከአናጢ ቤት ወደ ምድጃ ከሚሄደው ቁርጥራጭ የሚገኝ ነው። የሚያሳዝነን፣ ጥሩ ወይራ በብዛት የሚበላሸው ገና ማሽኑ ላይ ሳይወጣ መሆኑ ነው።

ወይራ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውሃውን ቀስ ብሎ ይለቃል። በጫፉ በኩል ግን ቶሎ ይደርቃል፤ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ እንደተቆረጠ ሁለቱን ጫፍ በቀለጠ ሻማ ድፈኑ። ከዚያ 15 ሚሊሜትር ውፍረት ሰጥታችሁ በመጋዝ አውጡና በየመካከሉ ስስ እንጨት እያስገባችሁ፣ ፀሐይ በማይመታው ነፋስ ግን በሚያገኘው ቦታ ደርድሩት። በጅማ ክረምት መድረቁን በዓይን መገመት አይቻልም። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝኑና ክብደቱን እዚያው ቁራጩ ላይ ጻፉ፤ ሦስት ሳምንት በተከታታይ ካልቀነሰ ለሥራ ደርሷል። እርጥብ ሆኖ የተሠራ እጀታ በጋ ሲመጣ ይኮማተራል፤ የቢላው ብረት ግን ባለበት ነው። ያኔ የብረቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ መዳፍ ይቧጭራል፣ አለዚያም እንጨቱ ከብረቱ ጋር በሚያያይዘው ስፒል ዙሪያ ይሰነጠቃል።

ወደ ማሽኑ ስንመጣ፣ 3018 የሚባለው ዓይነት ሞተሩ ደካማ ነው። በ3.175 ሚሊሜትር ፍሬዛ (እየተሽከረከረ በሚቆርጠው ምላስ) ወይራ ስትቆርጡ በአንድ ዙር ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ አታስገቡ፤ ፍጥነቱን በደቂቃ ከ500 እስከ 600 ሚሊሜትር ያዙ። ከዚህ በጣም ከዘገየ ፍሬዛው መቁረጡን ትቶ ይፈትጋል፤ እንጨቱ ይጠቁራል፣ የጭስ ሽታ ይመጣል። ጠልቆ ከገባ ደግሞ ማሽኑን ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር እርምጃ ይስታል። ማሽኑ መሳቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው የቀረውን ቅርጽ በሙሉ አዛብቶ ይጨርሳል።

ትልቁ ጥንቃቄ አያያዝ ላይ ነው። ብረቱ ላይ የሚለጠፈውን ፊት መጀመሪያ ደልድሉ፤ በብረቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ልክ፣ ርቀቱን በካሊብሮ (በጥቃቅን ልክ መለኪያ) ለክታችሁ፣ ሁለት ባለ 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ አውጡ። በዚያው ልክ ከሥር ያለውን ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫ የተጨመቀ ጣውላ) ራሱ ማሽኑ ይብሳው፤ ስፒል ትከሉና ቁራጩን ገልብጣችሁ እዚያ ላይ አስቀምጡ። የስፒሉ ጫፍ ከፍሬዛው መንገድ ዝቅ ማለቱን አረጋግጡ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ የነበረበትን ቦታ ይረሳል፤ መነሻችሁ የስፒሉ መሀል ከነበረ፣ ፍሬዛውን እዚያው መልሳችሁ ዜሮ (መነሻ ነጥብ) ካደረጋችሁ፣ ከፍታውንም እንደገና ከለካችሁ፣ ሥራውን ካቆመበት መቀጠል ትችላላችሁ። ሁለተኛው ቁራጭ የመጀመሪያው የመስታወት ምስል መሆን አለበት። አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ ማስኬድ ሁለት የቀኝ ጎን ሠርቶ ወይራ መጣል ነው።

በሻካራው ዙር 1 ሚሊሜትር ትርፍ ተዉና ቁራጩን ሁለት ቀን አሳርፉት። ውጥረቱ ሲላቀቅ ትንሽ ሊጣመም ይችላል፤ ፊቱን እንደገና ደልድላችሁ ጫፉ ክብ በሆነ ፍሬዛ፣ መስመሩን በ0.2 ሚሊሜትር አቀራርባችሁ ጨርሱት። ብናኙ ደቃቅ ነውና ያለ ማስክ አትሥሩ።

ሲጣበቅ ብረቱንም እንጨቱንም በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ። ኢፖክሲው ላይ ሞርሳውን አታጥብቁት፤ ማጣበቂያው ተጨምቆ ይወጣና መሀሉ ደረቅ ይቀራል። ማለስለሱ ከ120 እስከ 400 ቁጥር ነው፤ በመካከሉ በእርጥብ ጨርቅ አርጥባችሁ የእንጨቱ ቃጫ ሲነሳና ሲደርቅ ድገሙት።

ቅባቱ የተልባ ዘይት ይሁን፤ በስሱ እየተቀባ፣ እየተወለወለ፣ በየዙሩ ቀናት እየተሰጠው። ዘይት የነካው ጨርቅ ግን ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱን በራሱ አግሎ ሊነድ ይችላል፤ ወለሉ በእንጨት ብናኝ በተሸፈነ ቤት ይህ ማለት ቤቱን ማቃጠል ነው። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ንከሩት።

የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች፣ ከጅማ