ዝርዝርሽን ከታች ወደ ላይ እንሥራው

ልጄ፣

ፍሪጁ ላይ የለጠፍሽውን የኮሌጅ ዝርዝር አየሁት። ኤምአይቲ፣ ፕሪንስተን፣ ስታንፎርድ፣ ሃርቫርድ፣ ካልቴክ። ከሁሉም በታች ደግሞ በእርሳስ «ዩኤምቢሲ» ይላል፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ባልቲሞር ካውንቲ ማለት ነው። ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት።

ዝርዝር ከታች ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ በእርግጠኝነት የምትገቢበት፣ ክፍያውን የምንችለው፣ ደስ ብሎሽ የምትማሪበት አንድ ቦታ ይገኝ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሴፍቲ፣ ማለትም መተማመኛ ኮሌጅ፣ አይባልም። ብዙ ቤተሰብ ሦስተኛውን ይረሳዋል። ልጁ መሄድ የማይፈልግበትን ቦታ ለቁጥር ማሟያ ይጽፋል፤ ኤፕሪል መጥቶ ሌሎቹ ሳይቀበሉት ሲቀሩ አንገቱን ደፍቶ ይገባበታል። አንቺ እንደዚያ እንድትገቢ አልፈልግም።

ዩኤምቢሲ ውስጥ ከ1988 ጀምሮ የማየርሆፍ ፕሮግራም አለ። ጥቁር ተማሪዎች በሳይንስና በሒሳብ እስከ ዶክትሬት እንዲዘልቁ ታስቦ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ በር የሚከፍተው ለሁሉም ነው። ተማሪዎቹ ትምህርት ሳይጀመር በክረምቱ ተሰብስበው አብረው ያጠናሉ፣ ምርምርም ቶሎ ይጀምራሉ። ማመልከቻው ለብቻው ነው፣ ፉክክርም አለበት። ባይሳካ እንኳ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ጥሩ ነው።

ኮሌጅ ፓርክ ያለው ዋናው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግን ሴፍቲ አይደለም። ጎበዝ ልጆች ሳይቀበላቸው ሲቀር አይተናል። ለአንቺ ታርጌት ነው፣ ማለትም ልትገቢበት የምትችዪ ግን እርግጠኛ ያልሆነ፤ ዝርዝርሽ ላይ ባይኖርም፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ከሁሉም የማደላው ለእሱ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። ገና ሃይስኩል ሆነሽ ብዙውን ጊዜ ኮሌጅ የሚሰጠውን የሒሳብ ኮርስ፣ ሊኒየር አልጀብራን፣ እየወሰድሽ ነው። ስለዚህ ሊያሳስበን የሚገባው ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ የምትወስጂው ትምህርት እንዳያልቅብሽ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ዶክትሬት የሚሰጥ ትልቅ የሒሳብ ክፍል አለው፤ የደረሰ ተማሪ የማስተርስ ኮርስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

የእያንዳንዱን ኮሌጅ ካታሎግ ብቻ አትመኚ። ካታሎግ ላይ የተጻፈ ኮርስ ሁሉ በየዓመቱ አይሰጥም። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የክፍል ፕሮግራም ክፈቺ። ለከፍተኛ ሒሳብ መሠረት የሆኑት ሪል አናሊሲስና አብስትራክት አልጀብራ በየዓመቱ ተሰጥተዋል? ከእነሱ በኋላስ ምን አለ? ከደረጃ ሰንጠረዥ ይልቅ ይሄ ይነግርሻል።

ትንንሾቹንም አትናቂ። ባለፈው እናትሽ ጎመን እየቀነጠሰች ፕራይም ቁጥሮች ለምን እንደማያልቁ ስታስረጂያት ሰምቻለሁ። «እሺ፣ ሁሉንም ካባዛሽ በኋላ አንድ የምትጨምሪው ለምንድን ነው?» ስትልሽ ፊትሽ በራ። እንደዚያ የሚጠይቅሽ አስተማሪ ያስፈልግሻል። ካሊፎርኒያ ያለው ሃርቪ መድ ወደ 900 ተማሪ ብቻ ነው ያለው፤ ከባድ ነው፣ ግን አስተማሪው በስም ያውቅሻል። ሚኒሶታ ያለው ሴንት ኦላፍን ማንም አያነሳልሽም። ሒሳብ የሚያጠና ተማሪ ግን ሞልቶበታል። ከ1985 ጀምሮ የአሜሪካ ተማሪዎች ቡዳፔስት ሄደው አንድ ሴሚስተር ሒሳብ በእንግሊዝኛ የሚማሩበት ፕሮግራምም ከዚህ ኮሌጅ ጋር ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። ሁለቱንም ጨምሪያቸው።

ከላይኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ። ኤምአይቲ ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አይቀበልም። ሞክሪ፣ እኔም እጸልያለሁ። በየሠርጉና በየለቅሶው «ልጅሽ የት ልትገባ ነው?» እያሉ እናትሽን የሚጠይቁ ሰዎች ግን ዝርዝርሽን አይሥሩልሽ። አራት ዓመት ቁጭ ብለሽ የምትማሪው አንቺ ነሽ።

የኮሌጅ ፓርክ ኧርሊ አክሽን፣ ማለትም ግዴታ የሌለበት ቀደም ያለ ማመልከቻ፣ ኖቬምበር 1 ያበቃል። ባነከር ኪይ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ የሚታየውም እስከዚያ ላመለከተ ነው። የኤምአይቲን ጽሑፍ ስታሳምሪ ቀኑ እንዳያመልጥሽ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለውን ሌላ ቀደም ያለ ማመልከቻ ደግሞ ሳታማክሪን እንዳትፈርሚ። ከተቀበሉሽ መሄድ ግዴታ ነው፤ የሌላውን የገንዘብ እርዳታ አወዳድረን መምረጥ አንችልም። የውዶቹ ኮሌጆች ዋጋ አያስደንግጥሽ፤ አንዳንዶቹ ለእኛ ዓይነት ቤተሰብ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ሊረክሱ ይችላሉ። ኤምአይቲ ከ2025 መጸው ጀምሮ ገቢው ከ200,000 ዶላር በታች ለሆነ አብዛኛው ቤተሰብ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ እርዳታው ተቀንሶ በእርግጥ የምንከፍለውን የሚገምት ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር አለ። የታክስ ወረቀታችንን ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት አብረን እንሞላዋለን፤ ከዩኤምቢሲ እንጀምር።

አባትሽ