እንቁላሉ ወዴት ይሄዳል?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቴን ከማለት በቀር ሌላ ሕመም የለበትም፤ ዝናቡም ዘንድሮ እስካሁን አላስቀየመንም።

በጤና ኬላዎች ሊለጠፍ የታሰበውን የፖስተር ረቂቅ በወንድምሽ ስልክ አየሁት። ሥዕሉ ያምራል፤ «ለልጅዎ በየቀኑ አንድ እንቁላል ይመግቡ» የሚለውም አጭርና ግልጽ ነው። «ሳታዝኚልኝ አስተያየትሽን ስጪኝ» ስላልሽ ሳላዝንልሽ እጽፋለሁ። ፖስተሩ ውሸት የለበትም፤ ነገር ግን የሚያነጋግረው እንቁላል በእጁ እያለ ልጁን መመገብ የረሳን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ዋግ ኽምራ ውስጥ ብዙ አላጋጠመኝም።

እንቁላሉ ወዴት እንደሚሄድ ልንገርሽ። በሰቆጣ ዙሪያ ያለች ሴት ሁለት ሦስት ዶሮ ብትኖራት የሚጥሉትን ታጠራቅምና በገበያ ቀን በገለባ ጠቅልላ ይዛ ትወጣለች። በዚያ ገንዘብ ጨው ትገዛለች። ሳሙና፣ ክብሪት፣ የትልቁ ልጅ ደብተር፣ አንዳንዴም የወፍጮ ቤት ሒሳብ ከዚያው ይወጣል። በእህሉ ላይ ባልየው ያዛል፤ በፍየሉም ላይ ባልየው ያዛል፤ እሷ ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝበት ሀብት እንቁላሉ ብቻ ነው። «ለልጅሽ አብዪው» ስንላት ከጨውና ከሳሙናው አንዱን ተዪ ማለታችን ነው። ጨዉስ የልጁ አይደለም ወይ? አዮዲን ያለው ጨው ያላገኘች ነፍሰ ጡር የልጇ አእምሮ ገና በማኅፀን ሳለ ሊጎዳባት ይችላል። ሳሙናውም ከተቅማጥ የሚጠብቀው ይህንኑ ልጅ ነው። ድህነት ማለት ለአንድ ልጅ ከሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች አንዱን ብቻ ምረጪ መባል ነው፤ ከዚያ ደግሞ የትኛውንም ብትመርጥ «አላወቀችም» ትባላለች።

ከረቂቁ ጋር የኢኳዶሩን ጥናት ጠቅሰሽልኛል። አውቀዋለሁ፤ በሥልጠና ላይ ነግረውናል። በኮቶፓክሲ አውራጃ ከ6 እስከ 9 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል በሉና የመቀንጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜ አጥሮ የመቅረቱ፣ መጠን በ47 በመቶ ቀነሰ፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ጥሩ። ግን አንድ ነገር ዘልለሻል፤ እንቁላሉ በየሳምንቱ እስከ ቤታቸው ድረስ በነፃ ይመጣላቸው ነበር። እናቶቹ እጅ የገባው ምክር ብቻ ሳይሆን ራሱ እንቁላሉ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በማላዊ የተደረገው ተመሳሳይ የእንቁላል ሙከራ ሲታተም በልጆቹ ቁመት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። እዚያ ያሉት ልጆች ድሮም ከሐይቅ የሚወጣ ዓሣ ይበሉ ነበር። ስለዚህ አለቃሽ እንቁላልን እንደ ጠበል ካየው፣ አይደለም በዪው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የመቀንጨር አለመታየት ነው። የከሳ ልጅ ይታያል። የክንዱ ዙሪያ ከ11 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን መለኪያው ቀይ ያሳያል፤ እናቱም ትደነግጣለች፣ እኛም እንደነግጣለን፤ ሌላ ሕመም ካልጨመረበት ከለውዝ የሚሠራው ፕላምፒነት ይሰጠውና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፊቱ ይመለሳል። የቀነጨረ ልጅ ግን ሦስት ዓመት ሞልቶት ሁለት ያልሞላው ይመስላል፤ ከጎኑ የቆመው የጎረቤት ልጅም እንዲሁ፤ የአጎቱም ልጅ እንዲሁ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኙ፤ በአዲስ አበባ 15 በመቶ። ግማሽ ያህሉ ልጅ እንዲህ በሆነበት አገር «ልጄ አጠረብኝ» ብላ ጤና ጣቢያ የምትመጣ እናት የለችም። «ዘራችን ነው» ይሉሻል። ዘር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መለኪያውን ሲያዘጋጅ ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ ልጆችን ለክቷል፤ በደንብ የተመገቡና በጤና የተያዙ ልጆች እስከ አምስት ዓመታቸው ድረስ የትም ቢወለዱ ቁመታቸው ተቀራራቢ ነበር።

ቁመቱ ራሱ አያሳስበኝም፤ አጭር ሆነው ትልቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች ሞልተዋል። ቁመት ሌላ ነገር ጎድሎ እንደነበር የሚናገር ምስክር ነው። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ባለው ሺህ ቀን ውስጥ አንጎል የሚሠራበት ፍጥነት ኋላ አይገኝም። በዚያ ጊዜ የብረት ማዕድን ያነሰው ሕፃን ይፈዝዛል፤ የሚያየውን ለመንካት፣ የነካውን ለመቅመስ አይቸኩልም። ንጹሕ ያልሆነ ውኃ ደጋግሞ ሲያስቀምጠው አንጀቱ ይቆስልና የበላውን እንኳ በወጉ አይወስድለትም። ይህ ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ሲገባ መምህሩ «ሰነፍ» ይለዋል። ሴት ከሆነች ደግሞ አድጋ ስትወልድ የምትወልደው ትንሽ ሕፃን ነው፤ ነገሩ እንደገና ከዚያ ይጀምራል። በ2005 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የረሃብ ዋጋ ጥናት ከአገሪቱ አዋቂ ሕዝብ 67 በመቶው በልጅነቱ የቀነጨረ መሆኑን፣ አገሪቱም በዚህ ሰበብ በዓመት ከጠቅላላ ምርቷ 16 ነጥብ 5 በመቶ እንደምታጣ አስልቶ ነበር። ይህንን ቁጥር ለባለሥልጣን ስትናገሪ ተጠቀሚበት። ለእናቶች አይጠቅምም።

አሁን ስለ ጊዜ ላውራሽ፤ ፖስተሩ ላይ በጭራሽ የሌለው እሱ ነውና። እናትየው ዶሮ ሳይጮህ ትነሳለች። እሳት ታያይዛለች፤ ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል፤ በጀርባዋ ያለው ሕፃን ያንን እየማገ ነው የሚያድገው፤ የሳንባ ምች የሚበረታበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከዚያ ጀሪካን አዝላ ውኃ ትወርዳለች። በበጋ ምንጩ ሲደርቅ ከወንዝ ዳር አሸዋ ጭራ ጠብታ ጠብታውን እየጠበቀች ትቀዳለች። ከዚያ እንጨት አለ፣ እርሻ አለ፣ በሴፍቲኔት፣ እህል ወይም ገንዘብ እየሰጠ በሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከታቀፈች ደግሞ እርከን መሥራትና ድንጋይ መሸከም አለ። ሕፃኑ ከሰባት ዓመት እኅቱ ጋር ይቀራል። ርቦት ሲያለቅስ የማለዳውን የማሽላ እንጀራ በውኃ አርሳ ታጎርሰዋለች፤ ከዚያ በላይ ከእሷ ምን ይጠበቃል? እሷ ራሷ ትምህርት ቤት መሆን ነበረባት። ዘጠኝ ወር ያለፈው ሕፃን በቀን ሦስት አራት ጊዜ መብላት አለበት ብለን እናስተምራለን፤ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ አንዴ አጥግበሽው አትገላገዪም። እናቱ ግን ቤት የምትገኘው ማለዳና ማታ ነው። ክረምት ሲሆን ይብሳል፤ ጎተራው ባዶ የሚሆነውና ሥራው የሚከብደው በአንድ ጊዜ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ለሁለት ሰው ሳይሆን ለግማሽ ሰው እየበላች ታርማለች። በገንፎ ሠርቶ ማሳያው ላይ ደግሞ ካሮት ከትፈን እንጨምራለን። ካሮት! በዋግ ቆላ በሚያዝያ ወር ካሮት የምትሸጥ ሴት ካገኘሽ ለእኔም ግዢልኝ።

ከአዲስ አበባ የሚመጡ አንዳንድ ባለሙያዎች «የኅብረተሰቡ አመለካከት አልተለወጠም» ሲሉ ደሜ ይፈላል። እንዴት አልተለወጠም? የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሴቶቻችን እንገሩን አፍስሰው ቅቤ ማላሱን እየተዉ ነው፤ ልጆቻቸውን ያስከትባሉ፤ ጤና ጣቢያ መጥተው ይወልዳሉ። በ1992 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 38 በመቶ ደረሰ። ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ የነበረው ወደ 67 ወረደ። ያለ ሰው ለውጥ ይህ አይሆንም። ከዚያው ከ2008ቱ ጥናት ሁለት ቁጥሮችን አንሺና ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው፤ ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት 58 በመቶው የእናት ጡት ብቻ ይመገቡ ነበር፤ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ውስጥ ግን በመጠንም በዓይነትም የሚበቃውን ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ያቺው እናት ናት፤ ያው ትምህርት ነው። ጡቱ ገንዘብ አይጠይቃትም፤ እንቁላሉ፣ ወተቱና አትክልቱ ይጠይቋታል። ማስተማር ሊወስደን የሚችለውን ያህል ወስዶናል የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ጾሙም ጠይቀሽኛል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንደማይጾም ሁሉም ያውቃል፤ ችግሩ ድስቱ ላይ ነው። የጾም ምግብ በሚሠራበት ዕቃ ወተትና እንቁላል ማብሰል ስለሚከብዳቸው ለሕፃኑ ለብቻው አይሠራም። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቃል ቢናገሩበት ከእኛ ወረቀት ሁሉ ይሻላል። ለየብቻ የሚሆን አነስተኛ ድስትም ቢታደል አልቃወምም።

አንድ ነገር ጨምሪ፤ ጨዋታ። በጃማይካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የቀነጨሩ ሕፃናት ቤት የጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት እየሄዱ፣ ከወዳደቀ ዕቃ በተሠራ መጫወቻ ከልጁ ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ እናቶቹን ለሁለት ዓመት አሳዩአቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆቹ ተፈልገው ሲጠየቁ፣ ጉብኝቱ ከቀረባቸው የቀነጨሩ እኩዮቻቸው ይልቅ ገቢያቸው በ25 በመቶ ይበልጥ ነበር። ጨዋታ እንቁላልን አይተካም፤ ግን ስትፈጭም፣ ስትጋግርም ልጁን ልታነጋግረው ትችላለች። ይህንን ለእናትም፣ ለአያትም፣ ለሰባት ዓመቷ ሞግዚትም መንገር ይቻላል።

አለቃሽን እንዲህ በዪው። መንግሥት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲታወጅ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. እንዲቆም ነው የተባለው፤ ቃሉም የጤና ብቻ ሳይሆን የውኃም፣ የግብርናም፣ የትምህርትም ነበር። ስለዚህ ለፖስተሩ የተመደበው ገንዘብ ከተረፈ ዶሮ ለሌላት ዶሮ፣ ዶሮ ላላት ደግሞ ጨውና ሳሙና ይግዛበት፤ እንቁላሉ ያኔ ቤት ይቀራል። በሴፍቲኔት ያለች ነፍሰ ጡር ከጉልበት ሥራው ነፃ ሆና ድጋፉን ማግኘት እንዳለባት መመሪያው ያዛል፤ በየቀበሌው መፈጸሙን የሚከታተል ሰው ይመደብ። ፖስተሩ የግድ ይለጠፍ ከተባለም አንዱን ቅጂ ለወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ያስቀሩልኝ፤ በኽምጣንጋም ይጻፍ፤ እዚህ ብዙ እናት የምታወራው በእሱ ነው።

ሥዕሉንም ሳይታተም አርሙት። እናትየው ሕፃኑን ታቅፋ፣ ማንኪያ ይዛ፣ ድስቱን እያማሰለች ብቻዋን ናት። ባልየው የት ሄደ? ፍየሏን ለመሸጥ የሚወስነው እሱ ነው፤ ገበያ የሚወስዳትም እሱ ነው። ጀሪካኑን ተሸክሞ ሲገባ ሳሉት። አባትሽ ይህንን ሲሰማ «ጉልበቴን እያመመኝ?» ብሎ ሳቀ፤ አንቺ ግን እንዲሳል አድርጊ።

እናትሽ