ለልጄ፦ ስለ ፍልስፍና መነሻ ጥያቄዎች

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው እሑድ ስለ ሎጂክ ትምህርትሽ ስናወራ «ለመሆኑ ፍልስፍና የሚጠይቀው ምንድን ነው?» ብለሽ ነበር፤ በስልክ በቅጡ ስላልመለስኩልሽ ይህን ጻፍኩ።

ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ጥበብን መውደድ» ማለት ነው። ነገር ግን ከትርጓሜ ይልቅ በአንድ መጽሐፍ፣ በፈላስፋው በዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ፣ ብንጀምር ይሻላል። ይህ የግእዝ መጽሐፍ ደራሲው በ1592 ዓ.ም. በአክሱም አካባቢ እንደተወለደ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመንም ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ በሚገኝ ዋሻ ሁለት ዓመት እንደኖረ ይተርካል። በዚያ ብቸኝነት ውስጥ ሆኖ «ጸሎቴን የሚሰማ አምላክ አለን?» ብሎ ይጠይቃል። ራሱን እንዳልፈጠረ፣ ወላጆቹም ከወላጆቻቸው እንደተገኙ እያሰበ ወደ ኋላ ይሄድና በማንም ካልተፈጠረ ፈጣሪ ዘንድ ይደርሳል። ያለው ነገር ሁሉ ምንድን ነው፣ መነሻውስ ከየት ነው የሚለው ይህ ጥያቄ ዲበ አካል የሚባለው ዘርፍ ነው። ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ሲል ደግሞ ስለ መልካምና ክፉ ወደሚመረምረው ወደ ሥነ ምግባር ገብቷል።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ሥነ ዕውቀት፣ አንድ ነገር እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን ብሎ የሚጠይቀው ዘርፍ፣ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ የየሃይማኖቱ ሰው ሁሉ «የእኔ እምነት ትክክል ነው» ሲል ሰምቶ፣ ታዲያ በመካከላቸው ዳኛው ማን ይሆናል ብሎ ጠይቋል። የሚገርመው፣ ይኸው ጥያቄ ዞሮ በራሱ በመጽሐፉ ላይ መጣ። ሐተታውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነበር፤ በ1920 እ.ኤ.አ. ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ምሁር መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው ሲል፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተከራከረ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኔ መጽሐፉ የእኛ ቢሆን ከልቤ እወዳለሁ። ይሁን እንጂ መውደዴ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም አንድ ነገር እውነት እንዲሆንልን በጣም ስንፈልግ ማስረጃውን ከሌላው ጊዜ አጥብቀን መመርመር ይገባናል።

በትምህርትሽ አድ ሆሚነም የሚባለውን ስሕተት፣ ክርክሩን ትቶ ተከራካሪውን መንቀፍን ማለቴ ነው፣ ተምረሽ ከሆነ አመክንዮ (ሎጂክ) እዚህ ላይ የሚያደርገውን ታያለሽ፦ ጸሐፊው ጁስቶ ቢሆን እንኳ ስለ ፈጣሪ የቀረበው ክርክር በዚህ ብቻ አይወድቅም፤ የሚቆመውም ሆነ የሚወድቀው በራሱ ምክንያቶች ነውና። ሥነ ውበትን፣ አንድ ቅኔ ከሌላው ለምን እንደሚያምር የሚጠይቀውን ዘርፍ ማለቴ ነው፣ ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።

እስከዚያው ያንን የዋሻውን ክርክር ደግመሽ አንብቢልኝ። ከልጅ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ አያት እያለ ወደ ኋላ የሚሄደው ሐሳብ የግድ አንድ ቦታ መቆም አለበት የሚባለው ለምንድን ነው? እኔ በዓመታት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበት እርግጠኛ መልስ አላገኘሁምና፣ የደረስሽበትን ጻፊልኝ።

አባትሽ