ጉልላት ያለው የወፍ ቤት
የተፈጥሮና አካባቢ ጥበቃ ክበብ ዘገባ፣ ደብረ ብርሃን

ክበባችን ዘንድሮም ችግኝ ተክሏል፣ ግቢ አጽድቷል። ዓመቱን የወሰደብን ግን የሁለት ወፎች ቤት ነው።

ጥቅምት ላይ ወደ አዲስ አበባ የተዛወሩ አንድ ወላጅ ባጅሪጋር የሚባሉ ሁለት ትንንሽ በቀቀኖች ከነቤታቸው ሰጡን። ቤቱ ክብና ረጅም፣ ባለ ጉልላት ነው። ልጆቹ ወደዱት፤ አልዋሽም፣ እኔም ወደድኩት። በሦስተኛው ቀን አረንጓዴዋ ወፍ ጭንቅላቷን በሽቦዎቹ መካከል አሾልካ ተያዘች። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሽቦውን በጣቶቿ ፈልቅቃ አወጣቻትና ወዲያው ማስመሪያዋን አምጥታ ለካች፤ ክፍተቱ 2 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ለእነዚህ ወፎች ከ1.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም።

ቁመቱም ለካ ለእኛ ዓይን እንጂ ለእነሱ አልነበረም። ወፍ የምትበረው ወደ ጎን ስለሆነ የሚጠቅማት ርዝመት ነው። ስለዚህ ከአንድ አናጢ ጋር 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ወርድ፣ 50 ከፍታ ያለው ቤት ሠራን። አናጢው «ለዶሮ እንኳን እንዲህ ተለክቶ አያውቅም» እያሉ ሳቁብን። በቀቀን ሽቦ መንከስ አይተውም፤ የገዛነው ሽቦ ደግሞ በዚንክ የተነከረ ነው፣ ዚንኩም ይመርዛቸዋል። ልጆቹ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በኮምጣጤና በብሩሽ ሲፈትጉት ዋሉ። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ገንዘቡ ቢኖረን ኖሮ የማይዝግ ብረት እንገዛ ነበር።

መቆሚያው የፕላስቲክ ዘንግ ነበር፤ ውፍረቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ እግራቸውን ያቆስላል። በምትኩ ቀጭንም ወፍራምም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አስገባን። ወፎቹም ዛፉም መነሻቸው አውስትራሊያ ነው፤ ቅርፊቱን በአንድ ጠዋት ልጠው ጨረሱት።

የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ቤቱን ከመስኮቱ ሥር አንሥተን ነፋስ በማይደርስበት የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ጥግ አስቀመጥነው። ማታ ማታ አንድ ጎኑን ለአየር ትተን የከተማችንን ብርድ ልብስ እናለብሰዋለን።

ጥር ላይ አንድ ልጅ በወጥመድ የያዛትን የዱር ወፍ ይዞ መጣና «መምህር፣ ቦታ አለ አይደል?» አለኝ። ቦታማ ነበረ። የዱር ወፍ ትያዝ ወይስ ትለቀቅ የሚለው ክርክር አንድ ክፍለ ጊዜ ፈጀ፤ በአንኮበር ገደሎች ስለምትኖረውና የካናሪ ዘመድ ስለሆነችው፣ በአንኮበር ስም ስለምትጠራው ትንሽ ወፍ ነገርኳቸው። ልጁ ራሱ በር ላይ ወጥቶ ለቀቃት።

ክቡ ቤት አሁን የአበባ ማሰሮ ተንጠልጥሎበታል። ለክረምቱ ዕረፍት ወፎቹን የሚመግቡ አራት ተረኞች ተመዝግበዋል፤ የነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ግን ገና ሰው አላገኘም።